ቤንዚን የሚያበዛ ሞተር፤ ጥፋተኛው ዳኛው ነው ወይስ ምስክሮቹ?

አውቶሞቢል ካረጀ በኋላ ከሚያሳያቸው ሕመሞች ሁሉ ባለቤቱን በዝግታ የሚያደኸየው ቤንዚን ማብዛት ነው። ፍሬን እምቢ ሲል ሰው ወዲያው ይደነግጣል፤ ጎማ ሲፈነዳ መኪናው ከመንገድ ዳር ይቆማል። ቤንዚን የሚያበዛ ሞተር ግን ይነሣል፤ ይሄዳል፤ ባለቤቱንም ከቤቱ ወደ ሥራው፣ ከሥራውም ወደ ቤቱ ያደርሳል። ጉዳቱ የሚታወቀው ወሩ ሲጋመስ፣ ለቤንዚን የተመደበው ገንዘብ አልቆ ለቤት አስቤዛ የተቀመጠውን መንካት ሲጀመር ነው።

በአገራችን አሮጌ መኪና የሚነዳው ሰው ብዙ ነው። ከእነዚህም መካከል ከደመወዙ ቆጥቦ፣ ዕቁብ ጥሎ፣ ወይም ከወንድሙ ጋር አዋጥቶ የገዛው የመንግሥት ሠራተኛ ጥቂት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን ጠብቆ ማኖር ከቀድሞው የበለጠ ግዴታ ሆኗል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው አጠባበቅ በግምት ላይ የቆመ ነው። መኪናው ጥቁር ጢስ ማውጣት ሲጀምር አንዱ «ካንዴላው ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «ፖምፓው ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «ኮምፒዩተሩ ተበላሽቷል» ብሎ ይፈርዳል። ባለመኪናውም መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዶ የተባለውን ሁሉ እየገዛ ያስለውጣል። ዕቃው ይለወጣል፤ ጢሱ ግን አይለወጥም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ይህ ሕመም በግምት ሳይሆን በተራ በተያዘ ጥያቄ የሚገኝ ነው። አብዛኛውም ጥያቄ ገንዘብ አይጠይቅም። ለምሳሌ የምንወስደው በከተማችን መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየውን፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራውንና ኢንጄክሽን ያለውን ቶዮታ ኮሮላ ነው። የሥራው ሕግ ግን ለሌሎቹም አሮጌ መኪናዎች ከሞላ ጎደል ያው ነው።

የአየርና የቤንዚን ሚዛን

አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። ይህ በክብደት ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በስፋት ሲታሰብ ግን ያስደንቃል። አንድ ሊትር ቤንዚን ለማቃጠል በባሕር ጠረፍ 9,000 ሊትር ያህል አየር ይፈለጋል። አየሩ በሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ከ11,000 ሊትር በላይ ይሆናል። እንግዲህ ሞተር ማለት በአብዛኛው አየር የሚስብ መሣሪያ ነው፤ ቤንዚኑ የአየሩ ቅመም ነው ቢባል አይበዛም።

ቤንዚኑ ከሚዛኑ ሲያንስ ድብልቁ ሳሳ ይባላል፤ ሲበዛ ደግሞ ወፈረ ይባላል። በወፈረ ድብልቅ ውስጥ ያለው ቤንዚን የሚያቃጥለው አየር ስለማይበቃው ከፊሉ ጥላሸት ሆኖ በጢስ ማውጫው ይወጣል። ከፊሉም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ይሆናል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ ነው። ስለዚህ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነሥቶ መቆየት፣ ይልቁንም ቤንዚን የሚያበዛውን፣ ሕይወት እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ሳይቃጠል የቀረው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ የሚያለሰልሰውን ዘይት ያጥባል፤ ወደ ታችም ወርዶ ከሞተሩ ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ ሲቀጥን ሞተሩ ይበላል። ካታሊቲክ ኮንቨርተር የተባለው የጢስ ማጣሪያ ያለው መኪና የሆነ እንደሆነም፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን እዚያ ደርሶ ስለሚቃጠል ማጣሪያውን አግሎ እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። የቤንዚኑን ትርፍ ወጪ ያልፈራ ሰው የሞተር ማሳደሻውን ሊፈራ ይገባዋል።

ከካርቡራቶር ወደ ኮምፒዩተር

ቀድሞ ይህን ሚዛን የሚጠብቀው ካርቡራቶር ነበር። ካርቡራቶር፣ አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ በሚፈጥረው መሳብ ቤንዚኑን ከትንሽ ቀዳዳ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ብልኅ መሣሪያ ቢሆንም ከፍታን አያውቅም። በባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራቶር ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ አየሩ ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ድብልቁ ይወፍራል፤ መካኒኩም ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ በጠባብ ቀዳዳ መለወጥ ግድ ይሆንበታል።

እ.ኤ.አ. በ1967 የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ዲ-ጄትሮኒክ የተባለውን የኢንጄክሽን ሥርዓት በፎልክስዋገን 1600 ላይ አወጣ። በብዛት ከተሠሩት የኤሌክትሮኒክ ኢንጄክሽኖች የመጀመሪያው ይህ ነው። «ዲ» የተባለው ፊደል ድሩክ ከሚለው የጀርመን ቃል የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ ግፊት ማለት ነው። ይኸውም መሣሪያው ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውን አየር የሚያውቀው በማስገቢያው ቱቦ ውስጥ ያለውን ግፊት በመለካት ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ ያው ኩባንያ የሠራው፣ በጢሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚመረምረው ሴንሰር በቮልቮ 240 ላይ ዋለ። የ1990ዎቹ ኮሮላችን የእነዚህ የሁለቱ ዘዴዎች ወራሽ ነው። ምንም እንኳ ለአንዳንድ አገሮች ተብለው የተሠሩት የኦክስጅን ሴንሰር ባይኖራቸውም፣ ግፊትን በመለካት ረገድ ግን መንገዱ አንድ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር እናስተውል። የመኪናው ኮምፒዩተር ከወንበሩ የማይነሣ ዳኛ ነው። ቤንዚኑን አያሸትም፤ ጢሱን አያይም፤ ሞተሩንም በእጁ አይዳስስም። የሚፈርደው ሴንሰሮች በሽቦ በሚልኩለት ምስክርነት ብቻ ነው። ፍርዱም ኢንጄክተሩ ለምን ያህል ጊዜ ይከፈት የሚለው ነው። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ ይህ ጊዜ አንድ ሴኮንድ ለሺህ ቢከፈል ሁለቱ ወይም ሦስቱ እጅ ያህል ነው። አንድ ምስክር «ሞተሩ ቀዝቅዟል» ብሎ ቢዋሽ፣ ዳኛው ምስክሩን አምኖ ጊዜውን ያረዝማል፤ ቤንዚኑም ይበዛል። ፍርዱ የተሳሳተ ነው፤ ዳኛው ግን በቀረበለት መረጃ መሠረት ትክክል ሠርቷል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን ከመወንጀል በፊት ምስክሮቹን አንድ በአንድ መመርመር ይገባል።

በመጀመሪያ ሕመሙን ማረጋገጥ

መኪና ብዙ ቤንዚን ጨረሰ ማለት ሁልጊዜ ድብልቁ ወፍሯል ማለት አይደለም። የያዘ ፍሬን፣ አየር የጎደለው ጎማ፣ የሚያንሸራትት ፍሪሲዮን፣ ወይም ሰዓት ሙሉ የማያንቀሳቅስ የመኪና ሰልፍ ይህንኑ ያደርጋል። የሚፈስ ቱቦም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ መለካት ያስፈልጋል። ቤንዚኑን እስከ አፉ ሞልቶ፣ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ጽፎ፣ ጥቂት ቀን ነድቶ፣ እንደ ገና እስከ አፉ መሙላት ነው። ለምሳሌ 420 ኪሎ ሜትር ተሂዶ 35 ሊትር ከገባ፣ መኪናው በአንድ ሊትር 12 ኪሎ ሜትር ሄዷል ማለት ነው። ይህ ቁጥር በደብተር ከተያዘ፣ ከጥገናው በኋላ መሻሻል መኖር አለመኖሩን የሚነግር ሐቀኛ ዳኛ ይሆናል።

ቀጥሎ ጢሱን ማየት ነው። ጥቁር ጢስ የበዛ ቤንዚን ምልክት ነው፤ ሰማያዊ ጢስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያመለክታል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጢስ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ መግባቱን ያስጠረጥራል። ከዚያም ካንዴላዎቹን ፈትቶ መመልከት ነው። ጤነኛ ካንዴላ ጫፉ እንደ ቀላል ቡና ወይም እንደ አመድ ያለ ቀለም አለው። ደረቅና ጥቁር ጥላሸት የለበሰ የወፈረ ድብልቅ ምስክር ነው፤ ጥቁር ሆኖ በዘይት የራሰ ግን ሌላ ሕመም ነው። አራቱም ካንዴላዎች እኩል ከጠቆሩ ጥፋቱ ለሁሉም የጋራ ከሆነ ነገር የመጣ ነው፤ አንዱ ብቻ ከጠቆረ ግን የዚያን ሲሊንደር ኢንጄክተር ወይም የእሳት ሽቦ መጠርጠር ነው። በመጨረሻም የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ ማሽተት ነው። ቤንዚን ቤንዚን የሚል ከሆነ፣ ወይም ዘይት ሳይጨመር ልኩ ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ነገሩ ሰንብቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ አየር ፊልትሮ አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። በካርቡራቶር ዘመን የቆሸሸ ፊልትሮ ድብልቁን ያወፍር ስለ ነበር፣ ብዙ ሰው ዛሬም ጢስ ሲያይ መጀመሪያ የሚወነጅለው እርሱን ነው። ግፊትን በሚለካው ኢንጄክሽን ግን ሴንሰሩ የሚመለከተው ከፊልትሮው ወዲያ ያለውን ስለሆነ፣ አየሩ ሲያንስ ኮምፒዩተሩ ቤንዚኑንም አብሮ ይቀንሳል። የተዘጋ ፊልትሮ የመኪናውን ጉልበት ይቀንሳል እንጂ እንደ ቀድሞው ጥቁር ጢስ አያመጣም። ማጽዳቱና መለወጡ መልካም ነው፤ መድኃኒቱ ይህ ነው ብሎ ማመን ግን አይገባም።

የመብራቱ ቋንቋ

በሹፌሩ ፊት ካሉት መብራቶች አንዱ የሞተር ሥዕል ያለበት ነው። ይህ መብራት ሞተሩ ተነሥቶም ካልጠፋ ዳኛው አንዱን ምስክር ጠርጥሯል ማለት ነው። በእነዚህ ኮሮላዎች ላይ የተጠረጠረው ማን እንደሆነ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ኮፈኑ ሲከፈት፣ ዲያግኖሲስ የሚል ጽሑፍ ያለበት ክዳን ያለው ትንሽ ሣጥን ይገኛል። ከክዳኑ ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን መክፈት ነው። መብራቱ ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ብልጭ ድርግም ካለ የተመዘገበ ጥፋት የለም። ሁለት ጊዜ በርቶ፣ ጥቂት አርፎ፣ እንደ ገና ሁለት ጊዜ ቢበራ ቁጥሩ 22 ነው፤ ይህም የውሃው ሙቀት ሴንሰር ነው። 21 የኦክስጅን ሴንሰር፣ 31 የግፊት ሴንሰር ነው። ሌሎቹን ቀዳዳዎች ያለ ዕውቀት ማገናኘት ግን ጉዳት ስለሚያመጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራው ሰው ከሚያውቅ ጋር ቢሆን ይሻላል።

መብራቱ አልበራም ማለት ግን ምስክሮቹ ሁሉ እውነተኞች ናቸው ማለት አይደለም። ኮምፒዩተሩ የሚጠረጥረው ፈጽሞ ሊሆን የማይችል ነገር የተናገረውን ምስክር ብቻ ነው። ለምሳሌ የሙቀቱ ሴንሰር ሽቦ ቢበጠስ፣ ኮምፒዩተሩ ነገሩን አውቆ መብራቱን ያበራል፤ የሴንሰሩንም ቃል ትቶ ሙቀቱን 80 ዲግሪ ነው ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ሴንሰሩ የሞቀውን ሞተር «ሠላሳ ዲግሪ ነው» ቢለው ግን ያምነዋል፤ ምክንያቱም ሠላሳ ዲግሪ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። እንግዲህ ከሞተ ሴንሰር ይልቅ በልክ የሚዋሽ ሴንሰር የበለጠ ገንዘብ ያስከፍላል።

ስለ ሙቀት የሚመሰክረው

ሞተር ሲቀዘቅዝ ቤንዚኑ በሚገባ አይተንም፤ ስለዚህ ኮምፒዩተሩ በማለዳ ቤንዚን ይጨምራል። ሞተሩ ሲሞቅ መጨመሩን ይተዋል። ይህን የሚወስነው በውሃው ውስጥ የተተከለው የሙቀት ሴንሰር ነው።

ከሴንሰሩ በፊት ግን ሙቀቱ ራሱ እውነት መኖሩን መጠየቅ ይገባል። መኪና ውሃ ሲያፈላ ሕመሙን ከመፈለግ ይልቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ የመጣል ልማድ አለ። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃውን ከራዲያተሩ የሚከለክል በር ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሚከፈተው በ82 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ በር ከወጣ፣ ወይም ተከፍቶ ከቀረ፣ በአዲስ አበባ ቀዝቃዛ አየር ሞተሩ መሞቅ የሚገባውን ያህል ሳይሞቅ ቀኑን ይውላል። ሴንሰሩ «ቀዝቅዟል» ሲል እውነቱን ነው፤ ኮምፒዩተሩም ቤንዚን ሲጨምር ትክክል ነው። የሙቀቱ መርፌ ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላም ወደ ታች ተኝቶ ከቀረ፣ ሌላ ነገር ከመግዛት በፊት ቴርሞስታቱን መመልከት ነው።

ሞተሩ በእርግጥ ከሞቀ ሴንሰሩን በቴስተር መለካት ይቻላል። ይህ ሴንሰር ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ይጨምራል፤ ሲሞቅ ይቀንሳል። በኮሮላው ላይ በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም መሆን አለበት። ሴንሰሩን ፈትቶ በሚሞቅ ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አስገብቶ መለካት ማንም የፊዚክስ ተማሪ የሚችለው ሥራ ነው። በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ እንጂ በ100 አለመሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም።

አሁን አንድ ነገር እናስተውል። ዝገት የኤሌክትሪክን መቋቋም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። መቋቋም ሲጨምር ደግሞ ኮምፒዩተሩ የሚረዳው «ቀዝቅዟል» ብሎ ነው። ስለዚህ በዚህ ሴንሰር መንገድ ላይ የሚገባ ዝገት ሁሉ የሚዋሸው ወደ አንድ ወገን፣ ወደ ቤንዚን ማብዛት ነው።

በማስተምርበት ትምህርት ቤት የአንድ ባልደረባዬ ኮሮላ ይህንኑ አሳይቷል። ጥቁር ጢስ ሦስት ወር ሙሉ አስቸግሮት፣ ካንዴላዎቹ፣ የቤንዚን ፖምፓው፣ በመጨረሻም የኦክስጅን ሴንሰሩ በየተራ ተለውጠው ነበር። መብራቱ አንድ ቀንም አልበራም። በኋላ ሞተሩ እንደሞቀ የሙቀቱ ሴንሰር ሲለካ 300 ኦም ሆነ፤ ፍጹም ጤነኛ ነው። ያው መለኪያ በሽቦው በኩል፣ ኮምፒዩተሩ ጋ ካለው ጫፍ ሲደረግ ግን 1,400 ኦም አነበበ። ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ነበረ። ምስክሩ እውነት ተናግሮ ነበር፤ ቃሉን ያጣመመው መንገዱ ነው። ኮምፒዩተሩም የጋለውን ሞተር ከ40 ዲግሪ በታች ነው ብሎ ሦስት ወር ሲፈርድበት ከረመ። ከአሮጌ መኪና የተቆረጠ ሶኬት ተገዝቶ ሲገባ ጢሱ ቆመ። የመድኃኒቱ ዋጋ ቀደም ሲል ያለ ጥቅም ከተለወጡት ዕቃዎች የአንዱን እንኳ አይደርስም ነበር።

ስለ ግፊት የሚመሰክረው

ሁለተኛው ታላቅ ምስክር የግፊት ሴንሰር ነው። በማስገቢያው ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅ ሲል ሞተሩ ሥራው ቀሏል፤ ከፍ ሲል ሸክም በዝቶበታል። ሴንሰሩ ከቱቦው ጋር የሚገናኘው በቀጭን የጎማ ቱቦ ነው። ይህ ጎማ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ ከውጭ አየር ያስገባል። ያን ጊዜ ሴንሰሩ ከፍ ያለ ግፊት ያያል፤ ኮምፒዩተሩም በሚኒሞ የቆመውን መኪና ዳገት እንደሚወጣ ቆጥሮ ቤንዚን ይሰጠዋል። የጎማውን ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣት እየዳሰሱና እያጠፉ መመርመር ምንም ዋጋ አይጠይቅም።

ሴንሰሩን ራሱን ለመፈተን በከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው አንድ ጥሩ ዘዴ አለው። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ሲከፈት ሴንሰሩ የሚያነበው የአየሩን ግፊት ነው። ይህም በባሕር ጠረፍ 101 ኪሎ ፓስካል፣ በድሬዳዋ 88 ገደማ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 76 ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቆሞ መቶ የሚያነብ ሴንሰር፣ መኪናው ጂቡቲ ወደብ ላይ ያለ መስሎታል። በሌላ በኩል፣ ጃፓን አገር በታተመው የጥገና መጽሐፍ ላይ ያለው የባሕር ጠረፍ ቁጥር አዲስ አበባ ላይ አልመጣም ተብሎ ጤነኛውን ሴንሰር መጣልም አይገባም።

ከዳኛው ዕውቀት ውጭ የሚገባ ቤንዚን

እስካሁን ያየነው ዳኛው ተታሎ የሰጠውን ቤንዚን ነው። ሳይታዘዝ በጓሮ በር የሚገባም አለ።

በኢንጄክተሮቹ አጠገብ የቤንዚኑን ግፊት የሚጠብቅ፣ በውስጡ ስስ የጎማ ሽፋን ያለው ትንሽ መሣሪያ አለ። ከእርሱም ወደ ማስገቢያው የሚሄድ ቀጭን ቱቦ አለ። ሽፋኑ የተቀደደ እንደሆነ ሞተሩ ቤንዚኑን በዚህ ቱቦ በቀጥታ ይጠጣዋል። ምርመራው ቀላል ነው። ቱቦውን ነቅሎ ውስጡን ማየትና ማሽተት ነው። በውስጡ አየር ብቻ ሊኖር ይገባል፤ የቤንዚን ጠብታ ከተገኘ ጥፋተኛው ተይዟል።

የግፊት መለኪያ ያለው ጋራዥ ከተገኘ ደግሞ ምርመራው የበለጠ ይጠራል። ቀጭኑ ቱቦ ተነቅሎ ሞተሩ ሲሠራ የቤንዚኑ ግፊት በስኩዌር ሴንቲ ሜትር ከ2.7 እስከ 3.1 ኪሎ ግራም አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ ከበለጠ፣ ግፊት ጠባቂው አልሠራም ወይም ቤንዚኑ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበት መንገድ ተዘግቷል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ለ5 ደቂቃ ያህል ከ1.5 ኪሎ ግራም በታች መውረድ የለበትም። ቶሎ ከወረደ፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጄክተር መኖሩ ከሚጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ገና ትኩስ ሳለ ጠፍቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሲነሣ ያስቸግራል፤ ሲነሣም ጥቁር ጢስ ተፍቶ ነው።

ይህን ሁሉ ሲሠሩ ቤንዚኑ በግፊት ላይ መሆኑን አለመርሳት ነው። ግፊቱ ሳይወርድ ቱቦ መፍታት፣ ሲጋራ ማጨስ፣ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ማፍሰስ እሳት መጥራት ነው።

የመጨረሻው ምስክር

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚለውጠውን የኦክስጅን ሴንሰር እኛ ወደ መጨረሻ ያመጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ሴንሰር የሚያየው ቤንዚንን ሳይሆን በጢሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን ሲያንስ ወደ 0.9 ቮልት ይጠጋል፤ ይህም ድብልቁ ወፍሯል ማለቱ ነው። ኦክስጅን ሲበዛ ወደ 0.1 ቮልት ይወርዳል፤ ይህም ሳስቷል ማለቱ ነው። ሞተሩ ሞቆ በደቂቃ 2,500 ጊዜ ሲዞር፣ ጤነኛ ሴንሰር በ10 ሴኮንድ ውስጥ 8 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል።

አሁን አንዱ ካንዴላ እሳት አልሰጠም እንበል። በዚያ ሲሊንደር ያለው ቤንዚንም አየሩም ሳይቃጠል ይወጣል። ሴንሰሩ ያን ያልተቃጠለ አየር አይቶ «ሳስቷል» ይላል፤ ኮምፒዩተሩም በወፈረው ላይ ይጨምርበታል። ከሴንሰሩ በፊት ያለው የጢስ ቱቦ ተሰንጥቆ የውጭ አየር ቢያስገባም ነገሩ ያው ነው። ስለዚህ የእሳቱንና የጢስ ቱቦውን ጤንነት ሳያረጋግጡ ይህን ሴንሰር መለወጥ፣ ያየውን የተናገረ ምስክር ማባረር ነው።

ሁለቱን ወገኖች የሚለየው ጥያቄ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ በአንድ ጥያቄ ሊጠቃለል ይችላል። ይኸውም ጥቁር ጢስ በሚወጣበት ሰዓት የኦክስጅን ሴንሰሩ ምን ይላል የሚለው ነው።

ሴንሰሩ በ0.8 ወይም በ0.9 ቮልት ላይ ተተክሎ ከቀረ፣ «ወፍሯል» እያለ እየጮኸ ነው፤ እውነቱንም ነው። እንግዲህ ወይ ኮምፒዩተሩ «ሞተሩ ገና አልሞቀም» ተብሎ ይህን ምስክር መስማት አልጀመረም፤ ወይም ቤንዚኑ ቀንሶም ሊያሸንፈው በማይችለው መጠን ይገባል። የሚመረመሩት ቴርሞስታቱ፣ የሙቀቱ ሴንሰርና ሽቦው፣ የግፊት ሴንሰሩ፣ የቤንዚኑ ግፊትና ኢንጄክተሮቹ ናቸው። በአንጻሩ ጢሱ ጥቁር ሆኖ ሳለ ሴንሰሩ በ0.1 ቮልት ላይ ከቀረ፣ የሚናገረው ከዐይናችን ጋር አይስማማም። ያን ጊዜ የሚመረመሩት ካንዴላው፣ የእሳት ሽቦው፣ የጢስ ቱቦው፣ በመጨረሻም ሴንሰሩ ራሱ ናቸው። በቴስተር የተደረገ የአንድ ደቂቃ ንባብ ከሚጠረጠሩት ዕቃዎች ከፊሉን ነፃ ያወጣል።

ከዚህ ወዲያ የተሠሩት መኪናዎች፣ ይልቁንም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የወጡት፣ ይህንኑ በንባብ መሣሪያ ያሳያሉ። ኮምፒዩተሩ ቤንዚን እየቀነሰ መሆኑን የሚያሳይ ቁጥር ከተገኘ፣ ከሚያውቀው በላይ ቤንዚን እየገባበት እየታገለ ነው። ጢሱ እየጠቆረ እርሱ እየጨመረ ከሆነ ደግሞ፣ የሚዋሸው ምስክር አለ።

ጥፋቱ ከተገኘና ከተስተካከለ በኋላ የሞተሩን ዘይት መለወጥ አይቀርም። በዘይቱ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እየተነነ ተመልሶ ወደ ማስገቢያው ስለሚሳብ፣ የዳነውን ሞተር እንደ ገና የታመመ ያስመስለዋል። ከዚያም ያንኑ የቤንዚን ልኬት መድገምና ከፊተኛው ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው።

ባለመኪናው ይህን ሁሉ በእጁ መሥራት ግዴታው አይደለም። ጥሩ መካኒክ የዓመታት ልምድ ያለው ባለሞያ ነው፤ ዋጋውም ይገባዋል። ነገር ግን «ይህን ዕቃ ለውጥ» በተባለ ጊዜ «ምን ተለክቶ ተገኘ? ቁጥሩስ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ የማንም ሰው መብት ነው። የለካ መካኒክ ጥያቄውን በደስታ ይመልሳል። ያልለካም ቢሆን ተጠያቂ መሆኑን ሲያውቅ ቴስተሩን ከሣጥኑ ማውጣቱ አይቀርም፤ ወደ ሶማሌ ተራ የሚደረገው ጉዞ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።